ለጎማ ምራቅ ይበቃዋል

ነገሌ ልገባ ስል የመኪናዬ የጎማ ንፋስ መብራት በራና ጎሚስታ ቤት ቆምኩ። ጎሚስታው ጎማውን ሲፈታ የጋለው ጎማ ሽታ የልጅነቴን አንድ ቀን አስታወሰኝ።

ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር ወደ ፊልቱ ስንጓዝ የተሳፈርንበት አይሱዙ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ አውጥቶ ነፋና ቀዳዳውን ለማግኘት "ሁላችሁም ትፉበት!" አለ። ጫት ቃሚው አረንጓዴውን፣ ሽማግሌው የትምባሆ ጥቁሩን ተፉበት። ዝልግልጉ ሲወርድ እያየሁ አስመለሰኝ።

"መኪናው ላይ ባለው ጀሪካን ውስጥ ውሃ አለ አይደል?" አልኳት አክስቴን።

"እሱ ሰው የሚጠጣው ነው። ለጎማ ምራቅ ይበቃዋል" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ግን ጎሚስታው ከመኪናዬ የታሸገ ውሃ አንስቶ ጎማው ላይ አፈሰሰው። አረፋው ቡልቅ ሲል "አገኘሁት!" ብሎ ሳቀና በተረፈው እጁን ታጠበ። ባዶ ጀሪካን ያዘለች ሴት መንገድ ዳር ቆማ ውሃው አፈር ውስጥ ሲሰርግ ታያለች።

እንደዚያን ቀን አስመለሰኝ።