በጠፍር የታሰረው መነጽር

ጎረቤቴ ዓሊዪ ብረት ሠሪ ነው። ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ እኔ በርበሬና እርድ ስሸጥ፣ እሱ ከአጭሩ ግድግዳ ወዲያ ሲቀጠቅጥ ዘመናችን አለፈ። ማጭድ ይስላል፣ የዛገ ቁልፍ ይፈታል፣ ጠመንጃ የተበላሸበትም ሰው ከእሱ በቀር ማንም ዘንድ አይሄድም። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፤ "አልችልም" ማለት አያውቅም። የማይሆነውን ነገር እሺ ብሎ ይቀበልና ሲቸግረው የሚቆጣው እኔን ነው። "ሐሊማ፣ በርበሬሽ ዓይኔን አጠፋው!" ይላል። ሥራ ሲቀናው ግን በርበሬው ትዝም አይለው።

ባሻ ሳህሉ የመጡ ዕለትም እንደ ልማዱ እሺ አለ። ባሻ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ እዚያው ግቢ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ከሚስታቸው ከወይዘሮ ገላነሽ ጋር ይኖራሉ። ልጅ የላቸውም። ነጋዴው ሲያረጅ ሥራውን ለወንድሙ ልጅ ለአሰፋ አስረከበ። አሰፋ ደግሞ የባሻን ቀኝ ዓይን ሞራ እንደጋረደው አየ።

"ዓይን የሌለው ጠባቂ ምን ያደርግልኛል? ከሜዳው ማዶ ጣሳ ይቀመጥ፤ መትተው ያሳዩኝ። ከሳቱ ሥራውንም ክፍሉንም ይልቀቁ" አላቸው።

ባሻ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የጠመንጃ መነጽር ከሰው ቤት አፈላልገው አገኙና ከውጅግራቸው ጋር ዓሊዪ ፊት አስቀመጡት። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ የጥንት ጠመንጃ ናት። የባሻ አባት ሐረር ሲገቡ ይዘዋት መጡ።

"ግራ ዓይኔ ደህና ነው፣ ዓሊዪ። በዚህ መነጽር ካገዝከው አልስትም። ግን አደራህን፣ ብረቷን እንዳትበሳት። አባቴ እንደሰጠኝ ነው የማኖራት።"

"ሳልበሳ በምን ይያዛል፣ ባሻ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

እኔ ከወዲህ ሆኜ "አይሆንም በላቸው" ብዬ በዓይኔ ጠቀስኩት። እሱ ግን "ኢንሻአላህ እንሞክራለን" አለ። ደሜ ፈላ።

መነጽሩን ከላይ ማሰር አልተቻለም። የውጅግራ መዝጊያ እጀታው ወደ ላይ ተነሥቶ ነው የሚከፈተው፤ ከላይ የተቀመጠ ነገር ያግደዋል። ስለዚህ ከእንጨት መቀመጫ ጠርቦ በግራ ጎኗ አስጠጋው። ለባሻ ግራ ዓይንም የሚመቸው ይኸው ነበር። ያስቸገረው ማሰሪያው ነው። ሽቦ ሞከረ፣ ጥይቱ ሲተኮስ ተንሸራተተ። እኔን ተቆጣ። በመጨረሻ ሰው አልጋ እንደሚጠፍር የበሬ ጠፍር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አለሰለሰና እርጥቡን ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመው። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል። በደረቀ ጊዜ መነጽሩን ሁለት ጎረምሳ ቢታገለው የሚነቀንቀው አልነበረም።

ከከተማው ቅጥር በኤረር በር ወጥተው ገደል ሥር ሞከሩት። ባሻ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

"ሐሊማ፣ መታሁት እኮ! የጣሳውን ዝገት ሳይቀር አየሁት!"

"ውሃ ብቻ አያግኘው፣ ባሻ" አለ ዓሊዪ።

"ምን ነካህ፣ ጠመንጃ ውሃ አጠጣለሁ?" ብለው ሳቁ። እኔም ያን ዕለት ዓሊዪን በልቤ ይቅር አልኩት።

የፈተናው ቀን ባሻ ሳቱ። ደግመው ተኮሱ፣ አሁንም ሳቱ። ጣሳው ከቦታው ሳይነቃነቅ አሰፋ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ እኛ መጡ። ባሻ ጠመንጃዋን ዓሊዪ ጭን ላይ አኑረው ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ዓሊዪ ጠፍሩን በጣቱ ዳሰሰ፤ ከላይ ደርቋል፣ ከሥር ለስልሷል። መነጽሩም ትንሽ ወደ ጎን ዞሯል። ምን እንደነካው ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ወይዘሮ ገላነሽ እኔን ወደ ጥግ ስበው በሹክሹክታ አለቀሱ።

"ሐሊማ እህቴ፣ ምን ያላደረግሁት አለ? ማታ ጠበል አምጥቼ፣ ነጠላዬን ነክሬ፣ ጠመንጃዋን በእሱ ጠቅልዬ አሳደርኳት። ባሻ እንኳ አያውቁም። ምን በድዬው ነው እግዜር የጨከነብኝ?"

ሹክሹክታቸው ግድግዳውን አልፎ ዓሊዪ ዘንድ ደረሰ፤ ባሻ ግን አልሰሙም። እጁ ጠፍሩ ላይ ቀረ። እኔና እሱ ተያየን። ምን ልበላቸው? ከቤት ያስወጣችሁ ጠበልዎ ነው ልበላቸው? እኔ እስላም፣ እሳቸው በሙሉ ልባቸው አምነው ያመጡትን? እንባቸውን ብቻ ጠረግሁላቸው።

ዓሊዪ ወደ ባሻ ዞረ። "ባሻ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠፍሩ ላልቷል። ዓይንዎ ምንም አልሆነም። ላጥብቀውና እንደገና ይተኩሱ።"

"በምን ይላላል? ውሃ አልነካው።"

ዓሊዪ ጠፍሩን በመዳፉ ሸፈነ።

"አትዋሽልኝ፣ ልጄ" አሉ ባሻ። "ቀኙም እንዲህ ነው አንድ ጠዋት የከዳኝ። የግራውን ተራ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ደረሰ።"

"ወላሂ ያያሉ! እስቲ ያቺን በር ይመልከቱ፤ ምን ተንጠልጥሎባታል?"

ባሻ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አትፈትነኝ። ለዛሬ በቃኝ።"

በማግስቱ ዓሊዪ አሰፋ ዘንድ ሄዶ ባሻ እንደገና ይተኩሱ ብሎ ለመነ። መጋዘኑ በር ላይ ሌላ ጠባቂ ተቀምጦ አገኘ። ሲመለስ እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ፤ በርበሬዬን እንኳ ሳይሰድብ መዶሻውን አነሣ። "ለባሻ ብቻ ነጥለህ ንገራቸው" አልኩት። "ነግሬያቸው አርባ ዓመት አብረዋት የኖሩትን ሴት በምን ዓይን ይዩዋት?" አለኝ። እኔስ ብሆን ለወይዘሮ ገላነሽ መናገር መች ቻልኩ? በየሳምንቱ በርበሬ ሊገዙኝ ይመጣሉ፤ በየሳምንቱ ልነግራቸው እነሣለሁ፤ መዝኜ ሰጥቼ እሸኛቸዋለሁ።

ባልና ሚስቱ አቦከር ሰፈር አንድ ዘመድ ቤት ተጠጉ። ወይዘሮ ገላነሽ ባሻን እየመሩ ገበያ ያመጧቸው ጀመር። ባሻ አንገታቸውን ደፍተው፣ የሚስታቸውን ትከሻ ይዘው እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። ወገባቸው ጎበጠ፤ ሰዉም ዓይነ ስውር ናቸው ብሎ መንገድ ይለቅላቸዋል።

አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። ዓሊዪ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና እጁን ለሰላምታ አነሣ። ባሻም ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሡ። እኔ በደስታ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ግን ዓይናቸውን እንዳላመኑት ሁሉ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሳይደርስ ቆመ፤ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ትከሻ መለሱት።

"ገላነሽ፣ እዚያ ማዶ ያለው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ።