የፍል ውሃው ዋና አስተማሪ

ወርቅቱ ሰውዬውን መጀመሪያ ልብ ያለችው፣ በሐምሌ ካፊያ ደጅ ላይ ብርቱካን የምትሸጠውን አሮጊት ካፖርቱን አውልቆ ሲያለብሳት ባየች ቀን ነው።

በአምቦ ፍል ውሃ መዋኛ ገንዳ የዋናተኞችን ልብስ የምትጠብቅ ናት። የአዲስ አበባ ሰው የክረምቱን ብርድ እየሸሸ ወደ ሙቁ ውሃ ሲመጣ ስታስተናግድ ኖራለች፤ እንደዚህ ሰውዬ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም። እየዘነበ የፀሐይ መነጽር ያደርጋል። የሚመጣው ገንዳው ጭር በሚልበት ማለዳ ነው፤ ሁልጊዜም አዲስ ሰው ያስከትላል። "ዋና ላስተምረው ነው" ይላል። ከዚያ እንግዳውን ማጅራቱን ደግፎ አንዴ ያጠልቀዋል፣ በቃ። እንግዳው እያለቀሰም እየሳቀም ይወጣል።

"ኦቦ፣ የእርስዎ ተማሪዎች ቶሎ ይመረቃሉ" አለችው አንድ ቀን።

"ውሃው ጎበዝ ነው" አላት ፈገግ ብሎ።

በየከተማው የጴንጤዎች ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ መታሸጉን፣ ሲያጠምቅ የተገኘ እንደሚታሰርም ታውቃለች። እሷ ማርያምን ሳትሳለም የማትውል ሴት ናት። ቢሆንም ያየችውን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ዛሬ ከጌዶ በአውቶቡስ የመጣች አንዲት አሮጊት በጋሪ ይዞ መጣ። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆማ እንፋሎቱን በፍርሃት ታያለች። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀና ወደ ወርቅቱ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ እናቴ ናት። ጉልበቷ አይጸናም፤ ውሃም ትፈራለች። በአንድ በኩል ትይዢልኛለሽ?"