ወደ ዱመርሶ የሚሄደው አይሱዙ

ባለፈው ሳምንት ዲላ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ጎንበስ ስል ከራሴ በላይ ያለው ጥላ ዓይኔን ያዘው። ሻጯ ፀሐይ እንዳይመታት በእንጨት ላይ የወጠረችው ጨርቅ የድሮ ባነር ነበር። ቀለሙ ለቋል፤ ጠርዙ በገመድ ተጠምዝዟል፤ ጽሑፉም ከጀርባ በኩል ስለሆነ ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ቢሆንም አወቅኩት። «በፈቃዳችን ለሀገራችን» ይላል። ፀሐዩ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ቲማቲሙ ላይ፣ ሴትዮዋ እጅ ላይ፣ የእኔም ክንድ ላይ ቢጫ ብርሃን ጥሎ ነበር። ከየት አገኘሽው ብላት የቀበሌው ግቢ ሲጸዳ ተጥሎ እንዳነሳችው ነገረችኝ። ጠንካራ ነው፣ ዝናብ አያሳልፍም ብላም አመሰገነችው። ያ ባነር ከተሠራ ጀምሮ ለሰው ሲጠቅም ገና አሁን ማየቴ ነው ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልዘለቀም።

ልንገርህ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ እናቴ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ ከእሷ ጋር ስነታረክ የምውልበት ወቅት ነበር። የቡና ጊዜ ሲደርስ እንደ ጓደኞቼ እሸት ቡና ለቀማ እወጣለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። የነጋዴ ልጅ አይሱዙ ላይ ተጭና ስትሄድ ሰው ምን ይላል አለች እናቴ። ሰው ምንም አላለም፤ ሰው ራሱ አይሱዙው ላይ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በለቀማ ወቅት ከየቡና ማጠቢያው የሚላኩት አይሱዙዎች ጎህ ሲቀድ ከዲላ ወደ ጪጩ መውጫው ላይ፣ ትልቁ ዋርካ ሥር ይቆሙ ነበር። እኛ የምንወጣው ወደ ዱመርሶ የሚሄደው ላይ ነው። ሠራተኛ የሚሰበስበው ካቦ ከመኪናው ኋላ ቆሞ «ዱመርሶ፣ ዱመርሶ» እያለ ይጣራል። ምዝገባ የለ፣ ወረፋ የለ፤ ቀድሞ የወጣ ይሄዳል፣ የዘገየ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ መኪናው ገና ሳይቆም ወንዶቹ ጎኑ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ በክርናቸው ይጓሸማሉ፣ ይሳደባሉ፣ ከላይ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሁሉንም ረስተው ይሳሳቃሉ።

ማንም ያላወጀው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሌላ ሕግ ነበር። ወንዱ ቀድሞ ይወጣና ከጋቢናው ኋላ፣ ነፋስ የማይደርስበት ማዕዘን ላይ ጃኬቱን አንጥፎ ለአንዲት ልጅ ቦታ ይይዛል። ማን የማን ጃኬት ላይ እንደተቀመጠች መኪናው ሙሉ ያያል። ገና ዱመርሶ ሳንደርስ ወሬው ቀድሞን ይደርስና ቡና ማስጫው ዳር የቆሙት ሴቶች በሳቅ ይቀበሉናል። ለእኔ ቦታ የሚይዝልኝ የቆጮ ሻጯ ልጅ ነበር።

ጎረቤታችን ነው። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር ግን እንኳን ሌላ ሰው ራሱም የማይሰማው የሚመስል ዝምተኛ። ጃኬቱ የእሸት ቡና ሽታ ነበረው፤ ያ መጀመሪያ ጎምዘዝ፣ ቀጥሎ ጣፈጥ የሚል የቅርፊት ሽታ። ዛሬም በለቀማ ወቅት ቡና መፈልፈያ አጠገብ ሳልፍ እግሬ አልሄድ ይለኛል።

ስለ ፈቃደኝነት የሰበኩን ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ፈቃደኝነት ምን እንደሚመስል ያየሁት በእሱ ነው። ከዚያ በፊት ተፈናቃዮች በየትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፍረው ሳለ፣ ማንም ሳይጠራው ሄዶ የዱቄት ጆንያ ሲያወርድ፣ በጀሪካን ውሃ ሲያመላልስ፣ መራመድ ያቃታቸውን ሽማግሌዎች አዝሎ ሽንት ቤት ሲያደርስ ነበር የከረመው። እናቱ ለገበያ ካዘጋጀችው ቆጮ ላይ እየቆረሰ ሲወስድባት አይታ እንዳላየች ትሆን ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም አንዴ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ጫማው ጭቃ እንዳይነካ ድንጋይ እየመረጠ ረገጠ፣ ሕፃን ታቅፎ ፎቶ ተነሳ፣ ሕፃኑን ለእናቱ መልሶ ሄደ። ለቆጮ ሻጯ ልጅ ግን ባነር የሰቀለ አልነበረም። እሱም አልጠበቀም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር፤ ከዋርካው ቅጠል ላይ ጠፈጠፍ አንገታችን ውስጥ ይገባል። መኪናው እንደ ሁልጊዜው ቦታው ላይ ቆሟል። ካቦውም አለ። ልዩነቱ ካቦው አለመጮኹ ነው፤ ፎጣውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ እንደታመመ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዱመርሶ» ይላል። ጋቢናው ውስጥ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መስታወቱን ጉም ስለሸፈነው አይለዩም። የሚሮጥ ሰው ይሄን ልብ አይልም። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው እየተጋፉ ወጡ። አንዱ የአንዱን እጅ ረገጠ፣ አንዱ ወድቆ እየሳቀ እንደገና ተንጠለጠለ። የቆጮ ሻጯ ልጅ ሁሉንም ቀድሞ ማዕዘኑ ጋ ደርሶ ጃኬቱን ሲያነጥፍ አየሁት። ቀና ብሎም እንደ ሁልጊዜው «ቦታ ያዝኩልሽ» አለኝ።

እግሬን ጎማው ላይ ላደርግ ሳነሳ ካቦው እጁን ዘርግቶ ከለከለኝ። ሥራው ጆንያ ጭነት ስለሆነ ዛሬ ሴት አይሄድም አለ። ዓይኔን አላየኝም። ሴቶቹ አጉረመረምን። ልጁ ከላይ ሆኖ ትከሻውን ሰበቀና በእጁ ነገ የሚል ምልክት ሰጠኝ። ከዚያ መኪናው ተነሳ፤ ነገር ግን ወደ ጪጩ መሄዱን ትቶ ወደ ከተማ ዞረ። ነዳጅ ሊቀዳ ነው አለች አጠገቤ የነበረችው ልጅ። እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን።

ረፋዱ ላይ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በደጃችን አለፈች። የቀበሌያችን ወጣቶች በገዛ ፈቃዳቸው ሠራዊቱን ሊቀላቀሉ ስለሆነ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ እንዲሸኛቸው ትጣራለች። እናቴ ስኳር እየመዘነች እግዜር ይጠብቃቸው አለች። እኔ ወደ ከተማ የዞረው አይሱዙ ትዝ አለኝ። የያዝኩትን ጥዬ ወጣሁ።

በቀበሌው ግቢ ያ ባነር፣ ያኔ አዲስ ሆኖ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል ተወጥሮ ነበር። ከሥሩ ወንዶቹ ተደርድረዋል። የለቀማ ቅርጫታቸው ገና ክንዳቸው ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ በኮባ የተጠቀለለ ምሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘዋል። አንገታቸው ላይ ባንዲራ ተጠምጥሞላቸዋል። ቅርጫት ይዞ የዘመተ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላቸው ሚሊሻዎች ጠመንጃ አንግተው ቆመዋል፤ ለክብር ነው ተባለ። አንድ በሬ ታርዶ ሥጋው እየተጠበሰ ስለነበር ግቢው በጭስ ታፍኗል። ሰዉ ከዘማቾቹ ይልቅ ወደ ጭሱ እያየ ንግግሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ሊቀመንበሩ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ማይክራፎኑን ሕፃን ጡጦ እንደሚይዝ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ስለ ሀገር ብዙ አወራ። ሀገር ሲል ድምፁን ያወፍራል፣ ወጣት ሲል ያቀጥናል። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ማንም አላስገደዳቸውም። እየተጋፉ ነው መኪናው ላይ የወጡት። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እውነቱን ነበር። እየተጋፉ ወጥተዋል። እሱም ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሲያያቸው ነበር። ከላይ የዘማች ኮታ መጥቶበታል፤ ሕዝቡን ጠርቶ፣ ጉዳዩን አስረድቶ፣ የሚሄድ አለ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ምናልባት የሚነሳ አይጠፋም ነበር። ሀገሩን የሚወድ ሰው እኛም ዘንድ አለ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ በገዛ እግሯ ሄዳ ወታደር ሆናለች። ስትሄድ ማጉያም በሬም አልነበረም፤ እናቷና እኔ ብቻ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ስሟ ሲነሳ እስከ ዛሬ ከመቀመጫዬ ብድግ ማለት ያምረኛል። ይሄ ሰውዬ ግን መለመን ክብሩን ነካው፣ ማስገደድ ደግሞ አስፈራው። የሚያስገድድ እንኳ ቢያንስ ፊቱን ያሳያል። እሱ የሰውን የእንጀራ ጥድፊያ ሰርቆ ፈቃድ ብሎ ጠራው፣ ከዚያም ቆሞ አጨበጨበለት። የራሱ ልጅ ያን ሰሞን ለሕክምና ሐዋሳ አክስቱ ጋ ሄዷል ተባለ። ምን እንዳመመው እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ቀጥሎ ከዘማቾቹ አንዱ ስሜቱን ይግለጽ ተባለና፣ ቁመናው ያማረ ስለሆነ ማይክራፎኑን ለቆጮ ሻጯ ልጅ ሰጡት። ከዚያ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፣ «ዱመርሶ ነው ስላላችሁን ነው የወጣነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ማይክራፎኑን ተቀብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ዘፈን ተለቀቀ። ሰዉም፣ የሰማውም ያልሰማውም፣ አጨበጨበ። ከእነዚያ እጆች ብዙዎቹ ከሱቃችን ዘይትና ሳሙና የሚገዙ ናቸው፤ ዛሬም ዕቃ ሳቀብላቸው ያ ጭብጨባ ትዝ ይለኛል።

እናቱ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ከሥራዋ ላይ ስለተነሳች እጇ ላይ የእንሰት ፍቅፋቂ ደርቆበት ነበር። የሚቀናት ጌዴኦኛው ነው፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ ያምታታል፣ ለባለሥልጣንም እርስዎ ማለት አታውቅም። ሕዝቡ መካከል አልፋ ልጇ ፊት ቆመች፣ አንገቱ ላይ ያለውን ባንዲራ ዳሰሰች፣ ቅርጫቱን አየች። ሊቀመንበሩ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ልጅሽ ጀግና ነው አላት።

«ጀግና ከሆነ፣ ጠዋት ለምን አልነገርከውም?» አለችው።

ሊቀመንበሩ ወዲያ ወዲህ አየ። ከዚያ ወንበርና ለስላሳ እንዲያመጡላት አዘዘ። እሷ አልተቀመጠችም።

ሥጋው ከመታደሉ በፊት ያው አይሱዙ መልሶ ጫናቸው። አሁን የሚጋፋ አልነበረም፤ አንድ በአንድ፣ ሚሊሻ እየደገፋቸው ወጡ። ሰው እየገፋሁ ጎኑ ድረስ ደረስኩ። በጣውላው ክፍተት ሳይ ጃኬቱ ማዕዘኑ ላይ እንደተነጠፈ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም። እነዚያ ሁሉ ወንዶች በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ሕጋችንን አክብረው ነበር። ልጁ ከላይ ጎንበስ አለ፤ ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው እንደሚያፍር አፍሮ።

«ቦታ ይዤልሽ ነበር» አለኝ።

ሞተሩ ተነሳ። የመለስኩለት ነገር ካለ የሰማው አይመስለኝም።

ከማሠልጠኛ አንዴ በሰው ስልክ ደወለ። እናቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ አለቀሰች። ስልኩ እኔ ጋ ሲደርስ ዝናቡ ማስጫው ላይ ያለውን ቡና አበላሸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላበላሸውም አልኩት። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም። ሞቷል ያለን የለም፣ በሕይወት አለም ያለን የለም። እናቱ ቀበሌ ስትጠይቅ ወደ ወረዳ፣ ወረዳ ስትጠይቅ ወደ ዞን ላኳት። ዞን ስትደርስ ወንበሩ ላይ ያገኘችው ያንኑ ሊቀመንበር ነው፤ ተሹሞ። አላወቃትም። እሷም ማንነቷን ሳትነግረው ተመለሰች።

ዛሬ ይህን ስነግርህ ውጭ ያቺ ማጉያ የጫነች መኪና እንደገና እያለፈች ነው። ድምፁ ተለውጧል፤ ቃሉ ያው ነው።

አሁን የእናቴን ሱቅ የምሠራው እኔ ነኝ። በገደብ ከተማ የገበያ ቀን ዕቃ ይዤ በጠዋት አውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ቆጮ ሻጯም ከዚያ ቆጮ እያመጣች ዲላ ስለምትሸጥ አብረን ነን። ጉልበቷ ደክሟል፣ ለመውጣት ጊዜ ይወስድባታል። ስለዚህ እኔ ቀድሜ እወጣና በመስኮቱ በኩል ቦታ እይዝላታለሁ። መጥታ ትቀመጣለች። ከዚያ ሁልጊዜ የምታደርገውን ታደርጋለች፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ትልና ነጠላዋን አጥፋ በእኔና በእሷ መካከል ታነጥፈዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ባለፈው የገበያ ቀን ረዳቱ አዲስ ልጅ ነበር። ጠጋ በሉ፣ እዚህ ሦስት ሰው ነው የሚቀመጠው አለን።

«ሰው አለው» አለች እሷ።

«የታለ ሰውየው?»

አውቶቡሱ ተንቀሳቅሶ ዋርካው ጋ ደርሶ ነበር። ከሥሩ አይሱዙዎቹ ቆመዋል፣ ልጆቹም በጉሙ ውስጥ እየተጋፉ ይወጣሉ። እሷ በመስኮቱ እነሱን ታያለች።

«ይመጣል» አልኩት እኔ።

ልጁ አንዴ ነጠላውን፣ አንዴ እኛን አየና ወደ በሩ ተመለሰ። ነጠላው ላይ ማንም ሳይቀመጥበት ጪጩን አለፍን።