የወይዘሮ ጽጌ ብርጭቆዎች ለምን ውሃ ጠሉ

ከአፍንጮ በር ፒያሳ መውረድን ጉዞ ብሎ መጻፍ ያስቃል። መንገዱ ክፍት ከሆነ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ይደረሳል። እኔ ግን ዘንድሮ ከሄድኩበት ሁሉ ርቄ የሄድኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

የምሸጠው ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። በጠዋት የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ወይዘሮ ጽጌ ደወሉ።

«አንተ ቸርነት፣ ሳሙናህ ብርጭቆዎቼን ጉድ አደረጋቸው። ውሃ እንደ ላብ ነው ጠብ ጠብ የሚልባቸው። ሰዉ ቅባት አለው እያለ ይመልሳል። ረፋድ ላይ ቆራሌው ይመጣል፤ ሰጥቼው እገላገላለሁ።»

ብርጭቆዎቹን አውቃቸዋለሁ። ወፍራም ቂጥ ያላቸው፣ ሟቹ ባለቤታቸው የድሮውን ኬክ ቤት ሲከፍቱ የገዟቸው ናቸው። ቤቱ ለልማት ሲፈርስ ባንኮኒው በበር አልወጣ ብሎ ተሰበረ፤ ማሽኑ ተሸጠ። በጋዜጣ ተጠቅልለው ወደ አዲሱ ሕንፃ የተሻገሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ለሳሙናዬም ስም ሰግቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን እነዚያ ብርጭቆዎች በማዳበሪያ ከረጢት ሲንኳኩ ታየኝና ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ

ካፊያ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ቲቸር ኤልሳቤጥ ናት፤ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ዕድሌን ሞከርኩ።

«ቲቸር፣ ሳሙና ብርጭቆ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንዴ?»

«እንደ ሳሙናው ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ጭንቅላትና ጅራት አላት በል። ጭንቅላቷ ውሃ ይወዳል፣ ጅራቷ ይሸሻል።»

«እንደኛ ታክሲ ናታ! ግማሹ ሰው ውስጥ፣ ግማሹ ውጪ።»

ሳቀች። «ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሲገባ ገጹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ያንተ ሳሙና ጭንቅላትም ኔጌቲቭ ነው፤ ይገፋፋሉ። ስታለቀልቀው ይሄዳል። ፖዘቲቭ ጭንቅላት ያለው ከመጣ ግን ብርጭቆው ላይ ቁጭ ይላል፣ ጅራቱን ወደ ውጪ አድርጎ። ከዚያ ውሃ ሲመጣ የሚያገኘው ጅራት ብቻ ነው። ተሰብስቦ ጠብ ይላል።»

«ብዙ ሲጨመርበትስ?»

«ሁለተኛ ረድፍ ይመጣል። ጅራት ለጅራት ተገናኝተው ጭንቅላታቸውን ወደ ውሃው ያወጣሉ። ያኔ ውሃው ይስማማዋል፤ ንጹሕ ይመስልሃል። በንጹሕ ውሃ ስታለቀልቀው ሁለተኛው ረድፍ ይሄድና የመጀመሪያው ይቀራል።»

«ይሄ ፖዘቲቭ የምትይው ማን ነው?»

«የልብስ ማለስለሻ፣ የፀጉር ኮንዲሽነር፣ እንደነዚህ ያሉት። እዚያ ቤት ውሃው ውስጥ ሌላ ምን እንደሚገባ ጠይቅ። ወራጅ አለ! በል ጌታ ይርዳህ።»

እሷ ከወረደች በኋላ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ። በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፒያሳ ተገልብጣ ተንጠልጥላለች። ዓይኔን ስጨፍን ከውሃ በታች፣ በብርጭቆ ሜዳ ላይ የምሄድ መሰለኝ። ግራና ቀኝ እልፍ አእላፍ ሰው ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ቆሟል። ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ ነው ከሐሳቤ የወጣሁት።

ፒያሳ

የወርቅ ቤቶቹ መብራት በካፊያው ውስጥ ቢጫ ቢጫ ይላል። ቤት በነበረበት አንዳንድ ቦታ አሁን ሰማይ አለ፤ ለመልመድ ጊዜ የሚፈልግ ሰፊ ሰማይ። የወይዘሮ ጽጌ አዲሱ ቤት ምድር ቤት ነው፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል።

«መጣህ? ጀሪካንህን ይዘህ ውጣ ልልህ ነበር።»

«መጀመሪያ ማኪያቶ ልጠጣ እንጂ እትዬ ጽጌ፣ በባዶ ሆድ አልባረርም።»

ማጠቢያው ጋ ሄድኩ። ሳፋዎቹ ሦስት ናቸው፦ የሳሙና፣ የማለቅለቂያ፣ ዳር ላይ ደግሞ አንድ ሰማያዊ። ብርጭቆ አንስቼ ሰማያዊው ውስጥ ነከርኩ። ውሃው ገጹ ላይ ተኛለት፣ መስታወት መሰለ። ቧንቧ ስር ሳደርገው ግን ሸሸ፤ ተሰበሰበ፤ ጠብ ጠብ። እጄን አሸተትኩ። ጽጌረዳ።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«መጨረሻ ላይ የምነክርበት ነው። ልጄ ለመጋረጃ ማለስለሻ ያመጣችልኝን ፈሰስ አደርግበታለሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይሄ ቤት ምን እንደሚሸት አይሸትህም? የኛ ቤት እንዲህ ነበር?»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። በዚያው ቅጽበት ከውጭ፦ «ቆራሌው!»

ውሃ አፈላሁ፣ ኔጌቲቩ ያንን ፖዘቲቭ ጎትቶ ያነሳው ይሆናል ብዬ ሳሙናዬን ሳልሳሳ ጨመርኩ፣ በስፖንጅ ፈተግኩ፣ ቧንቧ ስር አለቀለቅኩ። ጠብ ጠብ።

«አየህ!» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። «ና ግባ አንተ።»

«አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!»

ቆራሌው ከረጢቱን ዘርግቶ ጠበቀ። «እማማ፣ ታጥበውም ሳይታጠቡም እኔ ጋ ዋጋቸው አንድ ነው።»

ያንኑ ብርጭቆ እንደገና በሙቁ የሳሙና ውሃ ቀስ ብዬ፣ ከአፉ እስከ ቂጡ አሸሁት። ቧንቧ ስር ያዝኩት። ውሃው ወረደ፣ ተዘረጋ፣ ብርጭቆውን ሌላ ብርጭቆ አለበሰው። አንዲት ጠብታ አልቆመችም።

ወይዘሮ ጽጌ ተቀበሉኝና ወደ መብራቱ አነሱት። አንዱን ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ባሌም፣ ነፍሱን ይማረው፣ እንዲህ አድርጎ ነበር የሚያየው» አሉ። ከዚያ ለቆራሌው ማኪያቶ በዚያው ብርጭቆ ቀድተው ሰጡት። «ጠጣና ሂድ። የሚሸጥ የለም።»

«ሽታውስ?» አሉኝ ስወጣ።

«ማለስለሻው ለመጋረጃው ይሁን። ጨርቅ ላይ መቀመጥ ሥራው ነው።»

ቤት

በእግሬ ተመለስኩ። ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ላይ ውሃው ሰማይ ይዞ ተኝቷል። ከዚህ በኋላ ደንበኛ ሲያማርር ከሳሙናዬ በኋላ ምን እንደሚያፈስ እጠይቃለሁ እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ። ምን እንደናፈቀውም መጠየቅ ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ ይሄኛው ግን ለሳሙና ነጋዴ ይከብዳል።

ባለቤቴ በር ላይ አሸተተችኝ። «የማን ሽቶ ነው?»

አስረዳኋት፤ ጭንቅላቱን፣ ጅራቱን፣ ረድፉን። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ጨረስክ? ሂድ ታጠብ።»

ታጥቤ መጣሁ። እጄን አንስታ ደግማ አሸተተች። «አሁንም አለ።»

«እሱ የመጀመሪያው ረድፍ ነው» አልኳት።