የሻለቃ እንድሪስ ሦስተኛ ገጽ

ሻለቃ እንድሪስ ባለፈው ጁምዓ ረፋድ ላይ ደሴ በሚገኘው ቤታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ቀብራቸውም ከአስር ሶላት በፊት ተፈጽሟል። ቀባሪው ጥቂት ነበር። ለምን ጥቂት እንደሆነ ስለማውቅ፣ ለወደዷቸውም ላሟቸውም ሁሉ ይህን መጻፍ ግዴታ ሆኖብኛል።

እኔ ዘይነባ በደርግ ዘመን ደሴ በነበረው የጦር መምሪያ የእሳቸው ታይፒስት ነበርሁ። የሻለቃ ሥራ ነገ ሊመጣ የሚችለውን አስቀድሞ አጥንቶ ለአዛዦችና ከሶሻሊስት ወዳጅ አገሮች ለመጡት አማካሪዎች ማቅረብ ነበር። ትንበያው ሦስት ገጽ ነበረው፦ የምንመኘው፣ የምንጠብቀውና የምንፈራው። ሁለቱን ገጾች ማንም ይጽፋቸዋል። ሦስተኛዋ ግን ወንድ ትጠይቃለች።

ሻለቃ ያቺን ገጽ የሚያዘጋጁት ገበያ ወርደው ነው። ዩኒፎርማቸውን አውልቀው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከኩታበር እህል ጭነው የመጡትን ገበሬዎች «በየት በኩል መጣችሁ? የትኛውን መንገድ ተዋችሁት?» ይላሉ። ገበሬው የሸሸውን መንገድ ቢሯቸው ተመልሰው በካርታው ላይ በቀይ ያሰምሩበታል። አንዱ አማካሪ በዚህ ቢስቁባቸው «ካርታ የሚያውቀው ትናንትን ነው፤ ነገን የሚያውቅ ባለ አህያው ነው» አሏቸው። አስተርጓሚው መተርጎሙን ትቶ ሳቀ።

ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች የመምሪያው በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር። ሌላው መኮንን «አይዞሽ፣ ይመለሳል» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለው የልጁን ስም ይጽፋሉ። «እናቴ፣ አልዋሽዎትም፤ የሰማሁ ዕለት ግን ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ» ይላሉ። ይሄዱም ነበር። መርዶ ይዘው ኩታበር ድረስ በእግራቸው የሄዱበትን ቀን አስታውሳለሁ።

በመጨረሻው ትንበያ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያስጻፉኝ ዛሬም በቃሌ ነው፦ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ይቆረጣል። ቁስለኞች ከወዲሁ ወርደው በአውሮፕላን ይሂዱ።» ጽፌ ስሰጣቸው ሳያነቡ ፈረሙ፤ ልማዳቸው ነበር። «ዘይነባ የጻፈችውን ደግሞ ማንበብ እሷን ማማት ነው» ይሉ ነበር።

ወረቀቱን ላስገባ ስሄድ የመምሪያው ካድሬ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። ገጾቹን አገላብጦ ሦስተኛዋን መዘዘ።

«ጓድ ዘይነባ፣ በወዳጆቻችን ፊት ሽንፈት አይጻፍም። ይህችን አስቀሪና ሁለቱን አስገቢ።»

ቀጥሎ ወንድሜ የት ግንባር እንዳለ ጠየቀኝ። የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር። ገጿን አስቀረሁ፤ ለሻለቃም አልነገርኋቸውም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተቆረጠ። ቁስለኞቹ ደሴ ላይ ቀሩ፤ መድኃኒት አለቀ፤ ስንቶቹ ቃሬዛ ላይ እንዳሉ አለፉ። የእኔ ወንድም በደኅና ገባ። የሌሎች እህቶች ወንድሞች አልገቡም። ይህን ተሸክሜ ነው የኖርሁት።

ሻለቃ መርማሪዎች ፊት ቀረቡ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ቃላቸውን እጽፋለሁ። ያስገቡት ትንበያ ሲነበብ ሁለት ገጽ ብቻ ሆነ። ሻለቃ ቀና አሉና መልሰው አቀረቀሩ።

«ሥራህ አስቀድሞ ማየት ነው። ይህን እንዴት አላየህም?» አላቸው መርማሪው።

በእጃቸው የጻፏት የሦስተኛዋ ገጽ ረቂቅ ቤታቸው ነበረች። እሷን ቢያቀርቡ እሳቸው ይድኑ ነበር፤ የምጠየቀው እኔ ነበርሁ። ወደ እኔ ሳያዩ «አልታየኝም» አሉ። ያንን ቃል የመታሁት በእነዚህ ጣቶቼ ነው።

ማዕረጋቸው ተገፎ ታሰሩ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ወጥተው እዚያው ደሴ ፒያሳ ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ። ልጁ የሞተበት ሰው በሱቃቸው ደጅ ሲያልፍ «ያልታየው ሻለቃ!» ብሎ ይተፋ ነበር። እሳቸውም በሜትራቸው ጨርቅ መለካታቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ገብቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ።

«ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ አብሽሪ ልጄ። ወንድምሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው፣ ሻለቃ። ለሰው ሁሉ ልናገር፤ ስምዎ ይጥራ» አልኋቸው።

«እኔ በሕይወት ሳለሁ፣ ወላሂ፣ አይሆንም። አንቺም ልጆች አሉሽ።»

ሻለቃ፣ አሁን የሉም፤ እኔም ቃልዎን ጠብቄያለሁ። ረቂቅዎን ባለቤትዎ ሰጥተውኛል፤ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ታይቶዎት ነበር። እንደሚሆን ያሉት ሁሉ ሆነ፤ ያላዩት ነገር ቢኖር የእኔ ፍርሃት ነው። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ። በሰላም ይረፉ፣ ሻለቃ፤ የሚተፋ ካለ ከእንግዲህ በእኔ ደጅ ይለፍ።