ማት በአራት

ሙሉመቤት ሌላ ጊዜ ደግ ናት፤ ቼዝ ፊት ስትቀመጥ ግን አያድርስ ነው! ከደብረ ብርሃን ተመድባ ጅግጅጋ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ከገባች ጀምሮ፣ ከሥራ መልስ ዋርፋ የሚባል ሰው ሻይ ቤት ተቀምጣ ያላሸነፈችው ወንድ የለም። አሸናነፏ ደግሞ! መሀል ጨዋታ ላይ ሻሿን ታስተካክልና «በአራት እርምጃ ማት!» ትላለች፤ ከአራት እርምጃ በኋላ ንጉሥህ መውጫ የለውም ማለቷ ነው። በቃ። ተጋጣሚዋ ተነስቶ እጇን ይጨብጣል፤ ሻህ የሚሉትን የግመል ወተት ሻይም ያዝዝላታል።

«እስቲ አሳዪኝ» የሚል የለም። በዋርፋ ቤት ደንብ፣ ማት የተባለበት ሰው ተቀምጦ መጫወቱን ከቀጠለ «ውሸታም ነሽ» እንዳላት ነው የሚቆጠረው። ማን ይህን ነውር ይሸከማል?

ይህን አነጋገር ያስተማራት ስልኳ ላይ ያለው የቼዝ ፕሮግራም ነው። ቤቷ ሆና ከእሱ ጋር ስትገጥም፣ መሀል ላይ «ማት በአራት» ብሎ ይጽፍባታል፤ እሷም እንደ ጨዋ ሰው እጅ ትሰጣለች። ማሽን ይዋሻል እንዴ? አቀማመጡን ግን በቃሏ ይዛ በማግስቱ ባለሻይ ቤቱ ዋርፋ ላይ ታወርደዋለች።

ዘንድሮ በክልሉ የሠራተኞች የቼዝ ውድድር ጅግጅጋን ወክሎ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። ሙሉመቤት ለዕድሉ ከመጓጓቷ የተነሳ ለእናቷ «ተመርጫለሁ» ብላ ደውላ ጨርሳለች። የቀራት አንድ ተጋጣሚ ነው፤ ዐብዲፈታህ የሚባል፣ በቅርቡ ከሀርሺን ተዛውሮ የመጣ የእንስሳት ሐኪም። የገጠሙትም እዚያው ዋርፋ ቤት ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ያ የምታውቀው አቀማመጥ መጣላት። ልቧ ዘለለ። «በአራት እርምጃ ማት!» ብላ እጇን ዘረጋች።

ዐብዲፈታህ እጇን አየት አደረገና «እሺ እህቴ፣ ቀጥይ» አላት።

ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ዞሮ አየው። ዋርፋ «አስተግፊሩላህ!» አለ። ለካ ለሰውዬው ደንቡን የነገረው የለም!

ሙሉመቤት በንግሥቷ ቼክ አለች፤ ንጉሡ ሸሸ። ደግማ ቼክ አለች፤ ሸሸ። አራቱ እርምጃ አልቆም ንጉሡ እቴ፣ ጥግ ይዞ ያያታል። ላብ አጠመቃት። ግራ ሲገባት ንግሥቷን አስበላች፤ ትንሽ ቆይቶ ዐብዲፈታህ ፈረሱን አሳረፈና በቀስታ «ማት» አለ።

«በስንት?» አለችው።

«በምን ስንት? አለቀ እኮ!»

ጉድ በሉ! በዚያ ቤት ማት ሲነገር እንጂ ሲፈጸም ያየ ሰው አልነበረምና ሁሉም ተንጋግቶ ሰሌዳው ላይ ተደፋ። «በዚህ ይወጣል!» «ኧረ ፈረሱ አለ!» ሲባባሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ራሷ ሙሉመቤት «የለም፤ ሞቷል» አለች። ዕድሉ አመለጣት፤ ዕንባዋ መጣ።

እልህ ይዟት ያንኑ አቀማመጥ ስልኩ ላይ ደረደረችው። ስልኩ ያለ ኀፍረት «ማት በአራት» አለ። ያላትን እርምጃ አስኬደች። «ማት በአራት» አለ። ደግማ አስኬደች። አሁንም «ማት በአራት»።

«ይሄማ ቢሮ ነው!» አለ ዐብዲፈታህ። «ሁልጊዜ ነገ ና!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሙሉመቤትም አላስቻላትም፣ ሳቀች።

ዋርፋ ብቻ አልሳቀም። መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። «ቆይ እስቲ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እጅ የሰጠሁት ለዚህ ነው?» አለና የሻሁን ማንቆርቆሪያ አስቀምጦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ደረደረ። «ወላሂ፣ ዛሬ ከዚህ ወንበር የሚያስነሳኝ የለም።»

ሙሉመቤት ዋርፋን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራችው።