በነሐሴ የመጣ ታኅሣሥ

ትሩፋት ንብረት የተወለደችው ከርብ ወንዝ ዳር፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት የፎገራ ሜዳ ነው። ታናሽ ወንድሟን ወገኔን በ2012 ነሐሴ ጎርፍ ወሰደው። ጥጃ ሊፈታ ተመልሶ ነበር። ወገኔን አስታውሰዋለሁ፤ ከሩዝ ማሳ መካከል ቆሞ ወፍ ሲያባርር ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እሷ ያኔ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ትማር ነበር፤ ለቀብሩ አልደረሰችም።

ስትመረቅ ሌላ አገር አልሄደችም። ወረታ መገንጠያው ላይ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ባለ ፎቅ ላይ፣ ገበሬዎች ያቋቋሙትን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ማኅበር ሰርቨር፣ ማለትም ዋናውን ኮምፒውተር፣ መጠበቅ ያዘች። ወንዙ ከላይ ሲሞላ በማኅበሩ ድረ ገጽ ገብታ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ የሜዳው ሰው ሁሉ በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ሌላ ሰው ገብቶ የሐሰት ወሬ እንዳይነዛ ድረ ገጹን በምስጠራ ዘግታዋለች። ለመግባት የይለፍ ቃልና ስልኳ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ቁጥር ያስፈልጋል።

በ2017 ነሐሴ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ታቦር በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ርብን ከላይ የሚጠብቀው ሰው ደውሎ «ሞልቶ መጣ» አላት። በዚያው ማሽን ላይ ልትገባ ሞከረች። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። አልፋው የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ ስልኳ ላይ የሚለዋወጠውን ቁጥር ግን አልቀበልም አለ። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሣችው፤ ያው ነው። ለእናቷ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደወለች፤ ስልኩ አይነሣም።

ማስጠንቀቂያውን እንደገና በዝግታ አነበበችው። የምስጠራው ሰርተፍኬት፣ ድረ ገጹ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክረው ሰነድ፣ ጊዜው አልፏል አይልም፤ ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል።

«አያ አድማሴ፣» አለች ዘበኛውን፣ «ጧት መብራት ሲመጣ ማሽኑን ሲያስነሡ ምን ጠየቀዎት?»

«አንችው በስልክ የነገርሽኝን ነዋ። ቀን ይሙሉለት አልሽኝ፣ ሞላሁለት።»

«ከየት አይተው?»

ሽማግሌው በአገጫቸው ግድግዳውን አሳዩአት። የደብሩ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።

«ነሐሴ ዐሥራ ሁለተኛ ወር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም እንዳለ። ምነው፣ ይኼ ግዑዝ የእኛን ዘመን አያውቅም እንዴ?»

አያውቅም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ኖሮ፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ረስቷል። የሞሉለትንም ወርና ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዷል። ሰርተፍኬቱ በዚያ ዘመን ገና አልተሰጠም፤ የስልኳ ቁጥርም በሰዓት የሚሠራ ነውና አይገጥምም። በማሽኑ ዘንድ ጊዜው በእኛ የ2010 ታኅሣሥ ነው፤ ሜዳው ደርቋል፣ ወገኔም በሕይወት አለ።

ጣቶቿ ለአፍታ ቆዩ። ከዚያ ቀኑን አስተካከለች፣ ገባች፣ መልእክቱን ላከች።

«አጠፋሁ ይሆን፣ ልጄ?»

«ያጠፋሁ እኔ ነኝ። በየትኛው ዘመን እንደሆነ አልነገርሁዎትም።»

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እናቷ ደወሉ። ከኮረብታ ላይ ናቸው፤ የከብት ጩኸት ይሰማል።

«መልእክትሽ ደርሶናል። ቤቱ ውኃ ገባበት፤ ሰው ግን ሁሉም ወጥቷል።»

«ጥጆቹስ?»



«እዚያው ቀሩ። ማንም እንዲመለስ አልፈቀድሁም።»